አንድ ብሎክ፣ ሁለት ግምት፦ የቤት ግብር በኮዬ ፈጬ እንዴት ይሰላል?

በተለምዶ የጣራና ግድግዳ ግብር የሚባለው፣ የቤት ባለቤት በየዓመቱ የሚከፍለው ግብር ነው። የሚጣለው ቤቱ ስላለ እንጂ ቤቱ ገቢ ስላስገባ አይደለም። ባለቤቱ ቢኖርበት፣ ቢያከራየው፣ ወይም ቆልፎት ውጭ አገር ቢሄድ ግብሩ አይቀርም። በዚህ ምክንያት መጠኑ የሚወሰነው በባለቤቱ ኪስ ሳይሆን በቤቱ ግምት ነው። ግምቱ ከተዛባ ግብሩም ይዛባል፤ ግምቱ ትክክል ከሆነ ግን ቀሪው ሥራ ማባዛትና መደመር ብቻ ነው።

ይህን ግብር ከሌሎች ሁለት ግብሮች ጋር መቀላቀል የተለመደ ነው። ቤቱን ያከራየ ሰው ከተቀበለው ኪራይ ላይ የኪራይ ገቢ ግብር ይከፍላል። በቤቱ ውስጥ የሚነግድ ሰው ደግሞ ከንግዱ ትርፍ ላይ የንግድ ሥራ ገቢ ግብር ይከፍላል። ሁለቱም የሚከተሉት ገንዘቡን ነው፤ የጣራና ግድግዳ ግብር የሚከተለው ግን ቤቱን ነው። አንድ ሱቅ በራሱ ባለቤት እጅ ሆኖ ሲሠራ፣ ሰውየው የንግዱንም የቤቱንም ግብር ይከፍላል ማለት ነው። ሱቁን የተከራየ ነጋዴ ግን የቤቱ ግብር ዕዳ የለበትም፤ ዕዳው የባለቤቱ ነው። ባለቤቱ ወጪውን በኪራይ ላይ ሊጭነው መሞከሩ ሌላ ጉዳይ ነው።

ግምት እንዴት እንደሚሠራ ለማየት ኮዬ ፈጬ ጥሩ ቦታ ነው። ሰፈሩ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ በአቃቂ ቃሊቲ በኩል ይገኛል። ከቱሉ ዲምቱ፣ ማለትም ከአዲስ አዳማ የፍጥነት መንገድ መነሻ ብዙም አይርቅም፤ የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም በአካባቢው ነው። የካቲት 27 ቀን 2011 ዓ.ም. ዕጣ ከወጣባቸው 51,229 የ20/80 እና የ40/60 የቁጠባ መርሐ ግብር ኮንዶሚኒየም ቤቶች ብዙዎቹ የተሠሩት እዚህ ነው። ዕጣው ከወጣ በኋላ የተነሳው የወሰን ጥያቄ የአካባቢውን ስም በአገሪቱ ሁሉ እንዲነሳ አድርጎ ነበር። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርና የኦሮሚያ ክልል በወሰናቸው ላይ መስማማታቸው ይፋ የሆነው በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ነው። የወሰን ጉዳይ ከቤት ግብር ጋር የማይገናኝ ይመስላል፤ ነገር ግን በጣም ይገናኛል። ቤቱ በየትኛው አስተዳደር ሥር እንደሆነ ካልታወቀ፣ ግምቱን የሚያወጣው፣ ግብሩን የሚሰበስበውና ቅሬታ የሚሰማው አካልም አይታወቅም።

አሁን አንድ ብሎክ ቀረብ ብሎ ማየት ነው። ከላይ ባሉት ፎቆች ስቱዲዮ፣ ባለ አንድ፣ ባለ ሁለትና ባለ ሦስት መኝታ ቤቶች አሉ፤ በረንዳው ላይ ልብስ ተሰጥቷል፣ ውኃ በሚጠፋበት ሳምንት ጄሪካን በደረጃው ላይ ይደረደራል። ምድር ላይ ደግሞ ወደ መንገዱ የዞሩ በሮች አሉ፦ ሸቀጣ ሸቀጥ፣ ፋርማሲ፣ ጸጉር ቤት፣ የቤትና የመኪና ደላላ። ሲሚንቶው አንድ ነው፣ ብረቱ አንድ ነው፣ የሠራውም ተቋራጭ አንድ ነው። በካሬ ሜትር የወጣውን ወጪ ብቻ ብናይ የላዩና የታቹ ልዩነት ትንሽ ነው። በከተማው ግምት ውስጥ ግን ሁለቱ በተለያየ ረድፍ ይገባሉ፤ አንዱ መኖሪያ፣ ሌላው ንግድ ይባላል።

የዚህ አሠራር መሠረት የተጣለው በአብዮቱ ዘመን ነው። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። በቀጣዩ ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 80/1968 ደግሞ የከተማ ቦታ ኪራይንና የከተማ ቤት ግብርን ደነገገ። በዚህ አዋጅ የቤት ግብር መሠረቱ የቤቱ የመሸጫ ዋጋ አልነበረም፤ ቤቱ በዓመት ቢከራይ ሊያወጣ የሚችለው የኪራይ ግምት ነበር። ቤት መሸጥና መለወጥ በተገደበበት ጊዜ ከመሸጫ ዋጋ ይልቅ ኪራይን መያዝ ትርጉም ነበረው። ተመኑም በእርከን ከ1 በመቶ ጀምሮ እስከ 4.5 በመቶ ይደርሳል፤ የኪራይ ግምቱ ከፍ ባለ ቁጥር መቶኛውም ከፍ ይላል።

ችግሩ የመጣው ከአዋጁ ሐሳብ ሳይሆን ከመዘግየቱ ነው። እርከኖቹ የተቀረጹት በ1968 ዓ.ም. ለነበረ ኪራይ ነው። ብሩ ዋጋው ሲወርድ፣ ከተማው ሲሰፋ፣ ኪራዩ በብዙ እጥፍ ሲያድግ በመዝገቡ ላይ ያለው የኪራይ ግምት በአብዛኛው እንደነበረ ቀረ። ስለዚህ በመሐል ከተማ ትልቅ ቤት ያለው ሰው በዓመት የሚከፍለው ግብር ለአንድ ምሳ የማይበቃ ሆኖ ለረጅም ዓመታት ቆየ። ይህ ለባለቤቱ ደስ ይል ይሆናል፤ ለመንገድ፣ ለፍሳሽና ለመብራት ገንዘብ የሚያስፈልገው ከተማ ግን የራሱን ገቢ ትቶ ከሌላ እንዲጠብቅ አድርጎታል። ጉዳቱ በተለይ የከፋው እንደ ኮዬ ፈጬ ባሉ አዳዲስ ሰፈሮች ነው፤ ቤቱ ቀድሞ ይደርሳል፣ አስፋልቱና ውኃው በኋላ ይመጣሉ።

በ2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ የኪራይ ግምቱን አዲስ ጥናት አስጠንታ አሻሻለች። የግብሩ መሠረት ግን የኪራዩ ሙሉ ግምት አልሆነም። ለመኖሪያ ቤት የግምቱ 50 በመቶ፣ መኖሪያ ላልሆነ ቤት 75 በመቶ ተያዘ። በአዲስ አበባ ሥር ባለ እንዲህ ያለ ብሎክ ለነዋሪውና ለሱቁ ባለቤት በግልጽ የተቀመጠው የመጀመሪያው ልዩነት ይህ ነው። ለምሳሌ አንድ ባለ አንድ መኝታ ቤት በወር 6,000 ብር ይከራያል ተብሎ ቢገመት የዓመቱ ኪራይ 72,000 ብር ይሆናል። ግማሹ 36,000 ብር ነው። ከእርከኖቹ ከፍተኛው 4.5 በመቶ በሙሉው ላይ ቢሰላ እንኳ ግብሩ ከ1,620 ብር አይበልጥም። ከሥሩ ያለው ሱቅ በወር 20,000 ብር ይከራያል ቢባል ዓመቱ 240,000 ብር፣ የዚህ 75 በመቶ 180,000 ብር፣ ግብሩም ቢበዛ 8,100 ብር ነው። እነዚህ ቁጥሮች ስሌቱን ለማሳየት የተወሰዱ ናቸው እንጂ የማንም ቤት ግምት አይደሉም። የሚያሳዩት ግን አንድ እውነተኛ ነገር አለ፦ ሱቁ ብዙ የሚከፍለው ኪራዩ ስለሚበልጥ ብቻ አይደለም፤ ከኪራዩ የሚያዘው ድርሻም ይበልጣል።

ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያልተነካ ግምት በአንድ ጊዜ ሲነሳ ድንጋጤ መፍጠሩ አይቀርም፤ ፈጠረም። የኢትዮጵያ ዜጎች ለማኅበራዊ ፍትሕ ፓርቲ፣ ኢዜማ፣ ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ወሰደው። የክርክሩ ፍሬ ነገር፣ ሕግ አውጪው አዲስ ሕግ ሳያወጣ የግብሩን መጠን በዚህ መንገድ መለወጥ ይቻላል ወይ የሚል ነበር። የጡረታ አበል ብቻ ያለው ባለቤት፣ ቤቱ እንጂ ኪሱ ያልሞላ ሰው፣ አቤቱታው ሊሰማ የሚገባው ነው። ግብሩ በየጥቂት ዓመቱ በመጠኑ ቢሻሻል ኖሮ ይህ ሰው በአንድ ደብዳቤ አይደነግጥም ነበር።

ለመሆኑ ግምቱን ማን፣ እንዴት ያወጣዋል? በዓለም ላይ የንብረት ገማቾች የሚጠቀሙባቸው መንገዶች ሦስት ናቸው። አንደኛው የገበያ ንጽጽር ነው፦ ተመሳሳይ ቤት በቅርቡ በስንት ተሸጠ? ሁለተኛው የገቢ ስሌት ነው፦ ቤቱ በኪራይ በዓመት ስንት ያስገባል፣ ያን ገቢ የሚፈልግ ገዢስ ለቤቱ ስንት ይከፍላል? ሦስተኛው የመተኪያ ወጪ ነው፦ ይህ ቤት ዛሬ ቢሠራ ስንት ይፈጃል፣ ከዚያ ላይ ለእርጅናው ምን ያህል ይቀነሳል? መኖሪያ ቤት ብዙ ጊዜ በንጽጽር ይገመታል፤ ምክንያቱም ተመሳሳይ ቤቶች ብዙ ናቸው። ሱቅና የቢሮ ሕንፃ በገቢ ስሌት ይገመታሉ፤ የሚገዛቸው ሰው የሚያሰላው ኪራዩን ነውና። ፋብሪካ፣ ሆስፒታልና ትምህርት ቤት የሚሸጡት አልፎ አልፎ ስለሆነ ለእነሱ የሚቀረው የመተኪያ ወጪ ነው።

ኮንዶሚኒየም ለገማች የተመቸ ንብረት ነው። በአንድ ሳይት ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ባለ ሁለት መኝታ ቤቶች በአንድ ፕላን ተሠርተዋል፤ የወለላቸው ስፋትም ከካርታው ላይ ይነበባል። ስለዚህ ገማቹ የያንዳንዱን ቤት በር ማንኳኳት አያስፈልገውም። ቤቶቹን በቡድን ይመድባል፦ አካባቢው፣ የቤቱ ዓይነት፣ ስፋቱ፣ አገልግሎቱ። ለእያንዳንዱ ቡድን በካሬ ሜትር አንድ ተመን ያወጣል፣ ከዚያ በስፋቱ ያባዛል። ይህ የጅምላ ግምት ይባላል፤ ወጪው ትንሽ ነው፣ ጎረቤት ከጎረቤት ጋር እኩል እንዲሆንም ያደርጋል። ኮዬ ፈጬ ላይ ቤቱን ያለ ፊኒሺንግ ተረክቦ ሴራሚክ ያነጠፈና ኩሽናውን ያሠራ ሰው፣ በሲሚንቶው ወለል ላይ ከሚኖረው ጎረቤቱ ጋር በአንድ ተመን ይሰላል። ብዙ ሰው ይህን አድልዎ አድርጎ ያየዋል። በተቃራኒው ግን ገማች በየቤቱ እየገባ ሴራሚኩን ቢቆጥር፣ ቤቱን ያሳመረ ሰው እንዲቀጣ፣ ከገማቹ ጋር የሚግባባም እንዲጠቀም በር ይከፈታል። በተመሳሳይ ቤቶች ላይ አንድ ተመን መኖሩ የተሻለው መንገድ ነው።

የጅምላ ግምት ደካማ ጎን ሌላ ቦታ ነው፤ ቡድኑ በጣም ሲሰፋ። ኮዬ ፈጬ ሰፊ ሳይት ነው። ታክሲ የሚቆምበት ዋና መንገድ ዳር ያለ ብሎክና ውስጥ ለውስጥ ገብቶ ኮረኮንች ላይ የቀረ ብሎክ ኪራያቸው አንድ አይደለም። አሳንሰር በሌለው ሕንፃ ላይ ምድር ቤትና የመጨረሻው ፎቅም እኩል አይከራዩም፤ ጄሪካን ይዞ ደረጃ የወጣ ሰው ያውቀዋል። ስለዚህ ተመኑ ሰፈሩን በሙሉ «ዳር አካባቢ» ብሎ በአንድ ረድፍ ካስገባው ለአንዱ ይበዛል፣ ለሌላው ያንሳል። ጥሩ የግምት ሠንጠረዥ ለመንገድ ቅርበትና ለፎቅ ልዩነት ቦታ ይሰጣል።

ሌላው ድክመት መረጃው ነው። የገበያ ንጽጽር የሚሠራው እውነተኛ የሽያጭ ዋጋ ሲመዘገብ ነው። በአዲስ አበባ ግን ሻጭና ገዢ የስም ማዛወሪያ ክፍያንና ሌላውን ግብር ለመቀነስ ሲሉ በውሉ ላይ የሚያሰፍሩት ዋጋ ከተከፈለው የሚያንስበት ጊዜ ብዙ ነው። መንግሥት በውሉ ከተጻፈው ይልቅ የራሱን ግምት የሚይዘው በዚህ የተነሳ ነው። የኪራይ መረጃም እንዲሁ በቃል ስምምነት ተደብቆ ኖሯል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ውሎች በጽሑፍ እንዲሆኑና እንዲመዘገቡ ማስገደዱ ተከራይን ለመጠበቅ የታሰበ ቢሆንም፣ መዝገቡ በአግባቡ ከተያዘ ገማቾች ከዚህ በፊት ያልነበራቸውን እውነተኛ የኪራይ ቁጥር ይሰጣቸዋል።

ወደ ብሎኩ ስንመለስ፣ ንግድ ቤት ለምን ከፍ ባለ ድርሻ ይሰላል? የሚሰጠው ምክንያት ሁለት ነው። ንግድ ቤት ገቢ የሚያመጣ ንብረት ስለሆነ የመክፈል አቅም አለው፤ በተጨማሪም ከመንገድ፣ ከቆሻሻ ማንሳትና ከጥበቃ የበለጠ አገልግሎት ይወስዳል። መኖሪያ ግን መጠለያ ነው፤ ብር አያስገባም። በኮንዶሚኒየም ሳይቶች የምድር ንግድ ቤቶች የተሸጡት በዕጣ ሳይሆን በጨረታ መሆኑም ልዩነቱን ያጠናክረዋል፤ የሱቁ ዋጋ ከመጀመሪያው የገበያ ዋጋ ነበር።

አስቸጋሪው በሁለቱ መሐል ያለው ነው። ምድር ላይ የደረሰው ባለ ዕጣ መስኮቱን በር አድርጎ ሱቅ ይከፍታል። ሌላዋ ሦስተኛ ፎቅ ላይ እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤቶች ታስረክባለች። አንዱ ሳሎኑን የቋንቋ ማስተማሪያ ያደርገዋል። እነዚህ ቤቶች በካርታቸው መኖሪያ ናቸው፤ በአገልግሎታቸው ግን ከፊላቸው ንግድ ነው። መርሁ ግልጽ ነው፦ ግምቱ የሚከተለው ቤቱ አሁን የሚሰጠውን አገልግሎት ነው፤ የቤቱ አንድ ክፍል ብቻ ለንግድ ከዋለም በንግድ ተመን መሰላት ያለበት የዚያ ክፍል ስፋት ብቻ ነው። እዚህ ላይ ሚዛን ያስፈልጋል። በሯን ያልቀየረች፣ ማስታወቂያ ያልሰቀለች እንጀራ ጋጋሪን ሙሉ ቤቷን ንግድ ብሎ መመደብ ከሚያስገኘው ግብር ይልቅ ጉዳቱ ይበልጣል።

የጋራ ንብረትም የራሱ ሕግ አለው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት አዋጅ ቁጥር 370 እያንዳንዱ ባለቤት የራሱ ቤትና በጋራው ላይ ድርሻ እንዳለው ይደነግጋል። ደረጃው፣ ጣራው፣ ግቢው፣ ነዋሪው በበዓል በግ የሚያርድበትና ለቅሶ የሚቀመጥበት ኮሚናል የማንም የግል አይደለም። ግምት ሲወጣ የወለሉ ስፋት የግል ክፍሉ መሆን አለበት። በደብዳቤው ላይ ያለው ካሬ በካርታው ላይ ካለው ከበለጠ፣ የጋራው ስፋት ተደምሮ ሊሆን ስለሚችል መጠየቅ ይገባል።

በጥር 2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅ መሠረቱን ከኪራይ ወደ ዋጋ ቀይሮታል። ታክሱ የሚጣለው በከተማ ቦታ የመጠቀም መብትና በሕንፃው ላይ ነው። ታክስ የሚከፈልበት ዋጋ የንብረቱ የገበያ ዋጋ ወይም የመተኪያ ዋጋ 25 በመቶ ነው። ምጣኔው ለቦታ መጠቀሚያ መብት ከ0.2 እስከ 1 በመቶ፣ ለሕንፃ ከ0.1 እስከ 1 በመቶ ነው። በዚህ ወሰን ውስጥ ትክክለኛውን ቁጥር የሚመርጡት ክልሎችና ከተማ አስተዳደሮች ናቸው። ገቢውም የእነሱ ነው።

ስሌቱ ሲታይ፣ ሕንፃው 4,000,000 ብር የሚያወጣ ቤት ታክስ የሚከፈልበት ዋጋ 1,000,000 ብር ይሆናል። በዝቅተኛው ምጣኔ 1,000 ብር፣ በከፍተኛው 10,000 ብር ነው። ልዩነቱ ዐሥር እጥፍ ስለሆነ፣ ለነዋሪው ከፌዴራሉ አዋጅ ይልቅ የከተማው ምክር ቤት የሚመርጠው ቁጥር የበለጠ ያሳስበዋል። ለመኖሪያ ዝቅ ያለውን፣ ለንግድ ከፍ ያለውን መመደብም በዚሁ ወሰን ውስጥ የሚወሰን ነው።

የቦታው ጉዳይ ለብቻው መታየት ያለበት ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። የማይሸጥ ነገር ታዲያ የገበያ ዋጋው ከየት ይመጣል? መልሱ የሚታክሰው መሬቱ ሳይሆን የመጠቀም መብቱ ነው የሚል ነው፤ ያ መብት ደግሞ በሊዝ ጨረታ ዋጋ አለው። በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት የሊዝ ዘመኑ ለመኖሪያ 99 ዓመት፣ በአዲስ አበባ ለንግድ 60 ዓመት ነው። 40 ዓመት የቀረው የንግድ ቦታና 90 ዓመት የቀረው የመኖሪያ ቦታ መብታቸው እኩል ዋጋ የለውም፤ ጥንቁቅ ገማች የቀረውን ዘመን ያያል። የሊዝ ክፍያውን ገና እየከፈለ ያለ ሰውም «በአንድ ቦታ ሁለት ጊዜ እየከፈልኩ ነው» ብሎ መጠየቁ አይፈረድበትም። ሊዝ የመብቱ ዋጋ፣ ታክሱ የዓመቱ የአገልግሎት መዋጮ ነው የሚለው መልስ የሚያሳምነው አገልግሎቱ ሲታይ ነው።

ግምት ያረጃል። ይህ የኢትዮጵያ ብቻ ችግር አይደለም። በእንግሊዝ የመኖሪያ ቤት ግብር እስከ ዛሬ የሚሰላው ቤቱ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሚያዝያ 1991 በነበረው ዋጋ ነው፤ ከዚያ በኋላ የተሠራ ቤት እንኳ ያኔ ቢኖር ስንት ያወጣ ነበር ተብሎ ይገመታል። ጀርመንም በዚያው በፈረንጆች አቆጣጠር በምዕራቡ ክፍሏ የ1964ን፣ በምሥራቁ የ1935ን ግምት ስትጠቀም ቆይታ፣ በ2018 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቷ እኩልነትን ይጥሳል ብሎ ሻረው፤ አዲሱ ግምት ሥራ ላይ የዋለው ከጥር 2025 ጀምሮ ነው። የፍርድ ቤቱ ምክንያት ለአዲስ አበባም ይሠራል፦ ግምት ሲያረጅ ሁሉም በእኩል አይጠቀምም። ዋጋው በጣም የጨመረበት ሰፈር ትንሽ ይከፍላል፣ ያልጨመረበት ብዙ። መሐል ከተማ ያለው ቪላ በድሮ ግምት፣ የኮዬ ፈጬው አዲስ ኮንዶሚኒየም በዛሬ ግምት ቢሰሉ፣ ዳር ያለው መሐል ያለውን እየደጎመ ነው ማለት ነው።

ከግብሩ ነጻ የሚሆኑም አሉ። የአምልኮ ቦታዎች፣ የሕዝብ መንገዶችና አደባባዮች፣ የመቃብር ቦታዎች በ1968ቱ አዋጅም ነጻ ነበሩ። ይሁን እንጂ ነጻነቱ ከአገልግሎቱ ጋር የተያያዘ ነው፤ ቤተ እምነት በአጥሩ ዙሪያ ሱቅ ሠርቶ ቢያከራይ ሱቆቹ ንግድ ቤት ናቸው።

ግምቱ የደረሰው ባለቤት መጀመሪያ ማየት ያለበት አራት ነገር ነው፦ የቤቱ ስፋት ከካርታው ጋር ይስማማል ወይ፤ የተመደበው አገልግሎት መኖሪያ ነው ወይስ ንግድ፤ የአካባቢው ደረጃ ትክክል ነው ወይ፤ በዚያው ብሎክ ተመሳሳይ ቤት ያለው ጎረቤት የደረሰው ግምት ስንት ነው። ከነዚህ አንዱ ከተሳሳተ አቤቱታው በስሜት ሳይሆን በማስረጃ ይቀርባል፦ የካርታው ቅጂ፣ ያለፈው ዓመት ደረሰኝ፣ የተመዘገበ የኪራይ ውል ካለ ውሉ፣ የጎረቤት ግምት። አቤቱታው በጽሑፍ ሆኖ በተሰጠው የጊዜ ገደብ ውስጥ ለግብር ሰብሳቢው ጽሕፈት ቤት ይገባል፤ የገባበት ቀንና ማኅተም ያለበት ቅጂ በአመልካቹ እጅ ይቀራል። የኮንዶሚኒየሙ ማኅበር ለብሎኩ በሙሉ አንድ ላይ ማመልከት የሚችልበት ሁኔታ ሲኖር የተሻለ ነው፤ የጅምላ ግምት ስህተት ብዙ ጊዜ የአንድ ቤት ሳይሆን የቡድኑ ሁሉ ነውና። በጽሕፈት ቤቱ ውሳኔ ያልረካ ባለቤት ወደ ግብር ይግባኝ ሰሚው፣ በሕግ ጉዳይ ደግሞ ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል።